ወረፋና ዋጋ፤ የኢትዮጵያና የጋና የዕዳ ችግር ሲመዛዘን

ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከኮተቤ ወይም ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ሌላው የከተማ ክፍል የሚሻገር መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ መገናኛ ላይ ይወርዳል፤ ወርዶም ወረፋ ይይዛል። እኛም ጧትና ማታ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ የምንቆም ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ ስለ ሁለት አገሮች የኤኮኖሚ ችግር የምናቀርበውን ይህን አጭር ጥናት ከዚያው ቦታ ልንጀምር ወደድን። ነገሩ ሩቅ መስሎ የሚታየው አንባቢ ካለ፣ በመገናኛ በኩል የሚያልፈውን የከተማ ባቡር ይመልከት።

ይህ ባቡር በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ለሁለቱ መሥመሮች በጠቅላላው 475 ሚልዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ነበር። ከዚህም ገንዘብ ከመቶ 85 እጅ ያህሉ ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ተሳፋሪው በመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍለው እንደ መንገዱ ርቀት 2፣ 4 ወይም 6 ብር ነበር። የሚሰበሰበው ብር ሲሆን የሚመለሰው ዶላር ነው። በኋላም ዶላር ሲቸግር ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ ዕቃ አጥተው ቆሙ፤ መንገደኛውም ወደ ታክሲው ሰልፍ ተመለሰ። ስለዚህ የመንግሥት የውጭ ዕዳ መገናኛ ላይ በእግር ቆሞ የሚከፈልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ አገር የውጭ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል? በምንስ መልክ ይታያል? ለዚህም ኢትዮጵያንና ጋናን ጎን ለጎን አድርገን እንመለከታለን። የደረስንበትን ሐሳብ አስቀድመን ብንናገር አንባቢን ይረዳዋል ብለን እናምናለን። ዋጋ በተለቀቀበት አገር ችግሩ በዋጋ ይታያል፤ ዋጋ በተያዘበት አገር ችግሩ በወረፋ ይታያል። በዋጋ የታየው ጉዳት ግን ስምና ቀን ስላለው ሰው ሊከራከርበት ይችላል፤ በወረፋ የተሸፈነው ግን ማን ምን ያህል እንደ ከፈለ ሳይታወቅ ይከፈላል።

ሁለቱ አገሮች ስለ ምን ተመረጡ

ኢትዮጵያና ጋና በብዙ ነገር ይለያያሉ። ጋና ሕዝቧ ከኛ ሕዝብ ሲሶ እንኳ የማይሞላ፣ የባሕር በር ያላት፣ ካካዎ፣ ወርቅና ነዳጅ ዘይት የምትሸጥ አገር ናት። የወጪ ንግዷም ከጠቅላላ ምርቷ ጋር ሲመዘን ከኛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኢትዮጵያ ግን በይበልጥ በቡና፣ በወርቅ፣ በቅባት እህልና በአበባ ትተዳደራለች፤ ዕቃዋም የሚገባውና የሚወጣው ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ወደብ ነው።

ስለ ዕዳ የሆነ እንደ ሆነ ግን ታሪካቸው እንደ መንታ ልጆች ይመሳሰላል። ሁለቱም ከፍ ያለ ዕዳ ላለባቸው ድሆች አገሮች በተደረገው የዕዳ ስረዛ ሥርዓት ገብተው፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የስረዛውን መጨረሻ ደረጃ ደረሱ። ጀርባቸው ከቀለለ በኋላም ሁለቱም እንደ ገና ተበደሩ። ጋና በ2000 ዓ.ም. የ750 ሚልዮን ዶላር ቦንድ በዓለም ገበያ ሸጠች፤ ከዚያም ደጋግማ ሸጠች። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የ1 ቢልዮን ዶላር ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ሸጠች፤ የቀረውን ግን በይበልጥ ከቻይና፣ ከሌሎች መንግሥታትና ከዓለም ባንክ ተበደረች። ቦንድ ማለት መንግሥት ከብዙ ሰዎች ገንዘብ ተቀብሎ በተወሰነ ቀን ከነወለዱ እመልሳለሁ ብሎ የሚሰጠው የውል ወረቀት ነው።

ሁለቱ አገሮች ወደ ችግሩ የገቡበት መንገድ አንድ አልነበረም። ጋና ለኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በገባችው ከባድ ውል፣ ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የወደቁ ባንኮችን ለማጽዳት ባወጣችው ገንዘብና ከገቢዋ በላይ በሆነ የመንግሥት ወጪ ተዳክማ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ለባቡር፣ ለግድብ፣ ለስኳር ፋብሪካና ለኢንዱስትሪ መንደር ብዙ ተበድራ፣ የወጪ ንግዷ ግን ከብድሩ ጋር አብሮ አላደገም። ከዚያም የኮቪድ በሽታ ሁለቱንም መታ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጦርነት ግን የኛ ብቻ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ነዳጅ፣ ስንዴና ማዳበሪያ በዓለም ገበያ ሲወደዱ፣ በአሜሪካም ወለድ ከፍ ሲል፣ ለሁለቱም አዲስ ብድር የሚሰጥ ጠፋ።

የጋና ችግር በዋጋ እንደ ታየ

የጋና ገንዘብ ሲዲ ይባላል። በ2014 ዓ.ም. መካከል አንድ ዶላር 6 ሲዲ ያህል ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ገደማ ከ14 ሲዲ በላይ ተሸጠ። ሲዲው በገበያ ስለሚተመን፣ የዶላር እጥረት ወዲያውኑ በምንዛሪው፣ ምንዛሪውም በሱቅ ዋጋ ላይ ታየ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የተነገረው የዋጋ ንረት 54.1 በመቶ ነበር። ይህም ማለት ባለፈው ዓመት በ100 ሲዲ ይገዛ የነበረው ዕቃ 154 ሲዲ ሆነ ማለት ነው። ቀደም ብሎም በጥቅምት ወር የአክራ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ተቃውሟቸውን ገልጸዋል። የዓለም ባንክ በዚያ ዓመት 850,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ድህነት እንደ ወረደ ገምቷል።

ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስትሩ ኬን ኦፎሪ አታ፣ የአገር ውስጥ ቦንድ የያዙ ሁሉ አሮጌውን ወረቀት መልሰው ወለዱ ያነሰና ዘመኑ የራቀ አዲስ ወረቀት እንዲወስዱ የሚጠይቀውን ዕቅድ አስጀመሩ። ታኅሣሥ 10 ቀን ደግሞ መንግሥቱ ከአብዛኛው የውጭ ዕዳው ክፍያ ማቆሙን አስታወቀ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። መንግሥቱ ለገዛ ዜጎቹ «ቃል የገባሁላችሁን መክፈል አልችልም» ያለው በግልጽ፣ በተጻፈ ውልና በታወቀ ቀን ነው።

ጉዳቱ ስም ስለ ነበረው መልስም አገኘ። የሠራተኛ ማኅበራት ሥራ እናቆማለን ሲሉ የጡረታ ገንዘብ ከዕቅዱ ወጣ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቦንድ የያዙ ጡረተኞች በገንዘብ ሚኒስቴር ደጃፍ ተሰብስበው ተቃወሙ፤ ቀድሞ የአገሪቱ ዋና ዳኛ የነበሩት ሶፊያ አኩፎም መጥተው አብረዋቸው ቆሙ። በመጨረሻም ጡረተኞቹ ከዕቅዱ ነፃ ሆኑ። የጋና ባንክ በበኩሉ የ2022 እ.ኤ.አ. ሒሳቡን ሲያወጣ ከ60 ቢልዮን ሲዲ በላይ ኪሳራ አሳየ፤ ይህም በታወቀ ጊዜ ሰዎች በአክራ መንገድ ላይ ወጥተው የባንኩ ገዢ ይውረዱ አሉ። ስለዚህ በጋና ሕዝቡ ተጎድቷል፤ ነገር ግን የጉዳቱን ሒሳብ በእጁ ይዞ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር።

የኢትዮጵያ ችግር በወረፋ እንደ ተሸፈነ

በኛ አገር የብር ምንዛሪ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በብሔራዊ ባንክ እጅ የተያዘ ነበር። በዚያ ወር በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን፣ በጥቁር ገበያ ግን ከ110 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። በባንክ ዋጋ ዶላር የሚፈልገው ብዙ፣ የሚገኘው ዶላር ግን ጥቂት ስለ ሆነ፣ የቀረው መንገድ ወረፋ ብቻ ነበር። ነጋዴው ወደ ባንክ ሄዶ ጥያቄውን ያስመዘግባል፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ይቀድማሉ፤ የቀረው ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይጠብቃል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ዶላር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከነዚህም ውስጥ የቤት መኪና፣ የቤት ዕቃ፣ የውበት ቅባትና የአልኮል መጠጥ ነበሩ።

ወረፋ ለሁሉ እኩል ይመስላል። ነገር ግን እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሰው በወረፋው ቀድሞ 100,000 ዶላር በ57 ብር አገኘ እንበል። ያው ዶላር በመንገድ 110 ብር ስለሚያወጣ፣ ሰውዬው ምንም ሳይሠራ 5,300,000 ብር አገኘ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? ቡናውን ልኮ ዶላሩን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ከተገደደው ሰው መጣ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ላኪው ካገኘው ዶላር ከመቶ 70 እጁን ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 እጁን ለባንኩ እንዲሰጥ፣ 20 እጁን ብቻ እንዲያስቀር ያዝዝ ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙ ላኪዎች ቡናቸውንና ሰሊጣቸውን በውጭ አገር በኪሳራ እየሸጡ፣ ባገኙት ዶላር ዕቃ አስመጥተው በአገር ውስጥ በጥቁር ገበያ ዋጋ በመሸጥ ኪሳራቸውን ያካክሱ ነበር። ኪሳራው የወጣው እንግዲህ ከሸማቹ ኪስ ነው። ሸማቹ ግን ደረሰኝ አልተሰጠውም።

መገናኛ ዙሪያ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ የስልክ መለዋወጫ፣ ጫማና ልብስ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ስንጠይቅ፣ ከሐምሌ 2016 በፊት ዋጋ የሚተምኑት በባንኩ ምንዛሪ ሳይሆን በመንገዱ ምንዛሪ እንደ ነበር ያለ ማመንታት ነገሩን። ዕቃውን ነገ የሚተኩበት ዶላር ከዚያ ስለሚመጣ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። የተያዘው ዋጋ በወረቀት ላይ ተይዞ ነበር፤ በመደርደሪያው ላይ ግን አልተያዘም።

ስለ ቆጣቢው

ጋና ውስጥ የቦንድ ባለቤቶች ስለ ደረሰባቸው ነገር ተናግረናል። በኢትዮጵያስ ቆጣቢው ዳነን? ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። የዋጋ ንረቱ ግን በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። 10,000 ብር ያስቀመጠ አንድ አስተማሪ በዓመቱ 10,700 ብር ያወጣል። ዋጋ በ30 በመቶ ከጨመረ ግን ይህ ብር የሚገዛው ከዓመት በፊት 8,230 ብር የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 1,770 ብር ያህል በአንድ ዓመት ጠፋ። ማንም ለአስተማሪው ደብዳቤ አልጻፈለትም፤ በማንም ደጃፍ የተሰበሰበ ቆጣቢም አልነበረም። የጠፋው ገንዘብ በርካሽ ለተበደረው ሁሉ ሄደ፤ ከተበዳሪዎቹም ዋናው መንግሥትና ድርጅቶቹ ነበሩ። ቀድሞም ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ገንዘብ ከመቶ 27 እጅ ያህል በአነስተኛ ወለድ የብሔራዊ ባንክን ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር።

የጋና ጡረተኛና የኢትዮጵያ አስተማሪ የደረሰባቸው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው፤ መንግሥት ዕዳውን ከቁጠባቸው ከፈለ። ልዩነቱ አንደኛው ማወቁ፣ ሁለተኛው አለማወቁ ነው። በጥናታችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ይህ ነው።

ዋጋው ሲለቀቅ የሆነው

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በ2007ቱ ቦንድ ላይ የ33 ሚልዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ከሰባት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ታወጀ፤ በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢልዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። ጋና የ3 ቢልዮን ዶላሩን ብድር ያገኘችው በግንቦት 2015 ዓ.ም. ነበር። የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላ ተነሣ፤ ላኪዎችም ከዶላራቸው ግማሹን እንዲያስቀሩ ተፈቀደላቸው። ብሩም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 በላይ፣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ120 በላይ ሆነ።

ብዙ ሰው ዋጋ በዚያው መጠን በእጥፍ ይጨምራል ብሎ ፈርቶ ነበር። በመንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የተገለጸው ዓመታዊ የዋጋ ንረት ግን በ2017 ዓ.ም. ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ቀጠለ። ይህስ ለምን ሆነ? የመገናኛ ነጋዴዎች መልሱን አስቀድመው ሰጥተውናል፤ አብዛኛው ዕቃ ከቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ የምንዛሪውን ለውጥ ከመታወጁ በፊት ከፍሎታል። በባንክ ዋጋ ይገቡ የነበሩት ግን በእውነት ተወደዱ። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ፤ መድኃኒትም ከበደ። ስለዚህ በወረፋው ዘመን በእርግጥ የተጠበቁት ዕቃዎች ጥቂት እንደ ነበሩና የትኞቹ እንደ ሆኑ የታወቀው ወረፋው ሲቀር ነው።

ወርቅም ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቶናል። ምንዛሪው ተይዞ ሳለ በባህላዊ መንገድ የሚያወጡት ሰዎች ወርቃቸውን በድንበር ያሻግሩ ነበር፤ ከተለቀቀ በኋላ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ጋናም ብትሆን ዋጋ የያዘችበት ሸቀጥ አላት፤ እርሱም ካካዎ ነው። በ2016 ዓ.ም. የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ10,000 ዶላር ሲያልፍ፣ ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ በመንግሥት ተወስኖ ወደ ኋላ ስለ ቀረ፣ ብዙ ካካዎ በድብቅ ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻገረ። ይህም ነገሩ የአገር ወይም የሕዝብ ጠባይ ሳይሆን የተያዘ ዋጋ ጠባይ መሆኑን ያስረዳናል።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ መምህራኖቻችን «የጋናን ግልጽነት አታብዙት፤ 54 በመቶ የዋጋ ንረት ድሃውን በአንድ ክረምት ይሰብረዋል» ሊሉን ይችላሉ። ይህ ተቃውሞ ተገቢ ነው። የተያዘው ነዳጅ ለታክሲ ተሳፋሪው፣ በሸማቾች ማኅበር የታደለው ዘይትና ስኳር ለደረሰው ቤተ ሰብ እፎይታ እንደ ሆነ አንክድም። በጦርነት ጊዜም ምንዛሪ መልቀቅ ከባድ አደጋ ሊያስከትል ይችል እንደ ነበር እናምናለን። የጋና የዳነው ቆጣቢም ቦንድ ለመግዛት አቅም የነበረው ሰው ነው፤ በገበያ ጉልት ዘርግታ የምትሸጠው ሴት ደጃፉ ላይ ብትቆም የሚሰማት መኖሩን እንጠራጠራለን።

ስለዚህ ሐሳባችን ሁሉም ዋጋ በማናቸውም ጊዜ ይለቀቅ የሚል አይደለም። ዋጋ የሚያዝ ከሆነ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚቀበል ይጻፍ፤ ይታወቅም የሚል ነው። በግልጽ የተጻፈ ድጎማ በበጀት ተከራክረውበት ይጨምሩታል ወይም ይቀንሱታል። ያልተጻፈው ግን ጉልበትና ዘመድ ላለው ሰው ያደላል።

መደምደሚያ

የሁለቱም አገሮች ጉዳይ የታየው 20ዎቹ ባለ ትልቅ ኤኮኖሚ አገሮች በ2013 ዓ.ም. ባቆሙት የጋራ የዕዳ ማስተካከያ ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያ በጥር 2013፣ ጋና በጥር 2015 ዓ.ም. አመለከቱ። ኋላ የመጣችው ጋና ቀድማ ጨረሰች፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ 13 ቢልዮን ዶላር ከሚሆነው የውጭ ቦንዷ ከመቶ 37 እጅ ያህል ተቀነሰላት። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር በ8.4 ቢልዮን ዶላር ዕዳ ላይ በመርሕ ደረጃ ተስማማች፤ የቦንዱ ባለቤቶች ጉዳይ ግን ለብቻው ሲያከራክር ቆየ። የጋና የዋጋ ንረትም በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ10 በመቶ በታች ወረደ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በተደረገውም ምርጫ የጋና ሕዝብ ችግሩ በዘመኑ የደረሰበትን ፓርቲ ከሥልጣን አውርዷል።

ያገራችን ሰው «ብድር በምድር» ይላል። ዕዳ በማናቸውም አገር ይከፈላል፤ የሚለየው የሚከፈልበት መንገድ ነው። ከዚህ የተነሣ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች አንድ ሥራ እናሳስባለን። በየሰፈራችን ያሉ ነጋዴዎች በወረፋው ዘመን ስንት ወር እንደ ጠበቁ፣ በምን ዋጋ እንደ ገዙና እንደ ሸጡ፣ ቆጣቢዎችም ስንት እንደ ጎደለባቸው ማስታወሻቸው ሳይጠፋ መሰብሰብ ይገባናል። የጋና ጡረተኞች ለመከራከር የቻሉት የያዙት ወረቀት ስለ ነበረ ነው። በመገናኛ ሰልፍ የቆመው ሰው የያዘው ወረቀት የለም፤ የከፈለው ግን ብዙ ነው። ያንን ሒሳብ መጻፍ የተማሪ ድርሻ ነው ብለን እናምናለን።